ውጤቷ ቦርሳዬ ውስጥ ስለቀረባት ተማሪ

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዝዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እያልኩ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ። ወገብዎን ያምዎታል ሲባል ስለሰማን፣ ወደ እኛ ቤተ ሙከራ የሚያወርዱት ሠላሳ ሁለት ደረጃዎች እንደማይስማሙዎት ተረድተን፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ብቅ ባለማለትዎ ቅር ተሰኝተን አናውቅም። እኔ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የተግባር ትምህርት የምሰጥ ረዳት ስሆን፣ ከሌሎቹ ረዳቶች ጋር ሥራ ካቆምኩ እነሆ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የማወጣው ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ ነው፤ ሕዝብ ያነበበውን ምናልባት እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ማንነታችንን ስለነገሩን ከልብ አመሰግናለሁ። አድማው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ባስለጠፉት ደብዳቤ፣ ረዳቶች ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደሉም፣ ተማሪ ደግሞ የሚያቆመው ሥራ ስለሌለው አድማ የሚባል ነገር የለም ብለው አስረድተውናል። ይህ ማብራሪያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶን ቢሆን ኖሮ ብዙ መንገድ ከመሄድ በዳንን ነበር። የጭስ መሳቢያው ማሽን ከተበላሸ ሁለት ዓመት ያለፈው መሆኑ ለእርስዎ አዲስ ወሬ አይደለም፤ እሱ በማይሠራበት ክፍል ውስጥ፣ ለሠላሳ ሰው በተሠራ ቦታ ሰባ ሁለት ተማሪ ታጭቆ፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ ገፍቶ የባልደረባችን ዓይን ውስጥ አሲድ ተረጨ። በቧንቧ ውሃ አጥበን፣ እርጥብ ጨርቅ አስይዤ፣ ክንዱን ደግፌ ወደ ሠራተኞች ክሊኒክ ወሰድኩት፤ የሠራተኛ መታወቂያ የለውም ተባልኩ። ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ አዞርኩት፤ አደጋው የደረሰበት ሥራ ላይ ስለሆነ አይመለከተንም አሉኝ። በሁለቱ ክሊኒኮች መካከል ያለችውን የድንጋይ መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለስንባት፤ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረም፣ እኔ ግን አልቅሻለሁ። ዓይኑ ተርፏል፤ ዛሬ ወረቀት የሚያነበው አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ነው። እኛም የጠየቅነው መሳቢያው እንዲጠገን፣ በአንድ ክፍል ከሠላሳ ተማሪ እንዳይበልጥና ማን እንደሆንን የሚገልጽ አንድ ወረቀት እንዲሰጠን ብቻ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል ጊዜ ነው ሥራ ያቆምነው።

ሁለተኛ፣ ውጤት በማውጣት ረገድ ጽሕፈት ቤትዎ ያሳየው ቅልጥፍና እጄን በአፌ አስጭኖኛል። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። በእኛ ትምህርት ክፍል ከአንድ ተማሪ ውጤት ግማሹ የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ግማሹ የተግባር ሥራ ነው። የተግባሩን ነጥብ እኛ ረዳቶች በየሳምንቱ በየራሳችን ደብተር በእርሳስ እንይዛለን፤ በእርሳስ የሆነበት ምክንያት ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ አይተው በቀለም ያጸድቁታል ስለሚባል ነው። ፕሮፌሰራችን ደግሞ በእኛ ላይ ያላቸው እምነት የጠለቀ በመሆኑ ደብተሩን ሳይገልጡ ሽፋኑ ላይ ይፈርማሉ። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ ማን ምን እንደሠራ የሚያውቀው ያ ደብተር ብቻ ነው፤ ሌላ ግልባጭ የለውም።

በዚህ ተማምነን ነው የተሳሳትነው። ሥራ ስናቆም ደብተሮቻችንን ላለማስረከብ በስብሰባ ወሰንን፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ደብተሩ ከሌለ ውጤት ሊወጣ አይችልም፣ ውጤት ካልወጣ ደግሞ የሚያነጋግረን ሰው ይመጣል ብለን አሰብን። ያለ እኛ ሥራው አይሄድም ብለን በራሳችን ተኮፍሰን ነበር ማለት ነው። እርስዎ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጽሑፍ ፈተናው ብቻ ከመቶ ተሰልቶ ይለጠፍ ብለው አዘዙና ነገሩን ገላገሉት። ቤተ ሙከራ ሁለት ቀን ብቻ ብቅ ያለ አንድ ጎበዝ ሸምዳጅ የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት አገኘ። ስላደረጉለት ነገር እሱም ሳያመሰግንዎ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዕዘኗ ልጅ።

ስሟን አልጠራም። ማዕዘኗ የምንላት በግራ እጇ ስለምትሠራ ክርኗ ከጎረቤቷ እየተጋጨ ሲያስቸግራት፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን የጥግ ጠረጴዛ ስለሰጠኋት ነው። ነጩን ጋዋን የሰፋችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ በግራ እጅ እንዲቆለፍ ብላ አዝራሮቹን በሌላው በኩል አድርጋላታለች። ይህች ልጅ የፈተና ወረቀት ፊቷ ላይ ሲቀመጥ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል። መስታወት ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። ፈሳሽ በጠብታ እየለካች ስትጨምር፣ ቀለሙ ሊቀየር አንድ ጠብታ ሲቀረው ታቆምና ትንፋሿን ውጣ ያችን አንዷን ጠብታ ትለቃለች። በዘጠኝ ዓመት የቤተ ሙከራ ኑሮዬ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ከአሥራ ሁለቱ የተግባር ሥራዎች አሥራ አንዱን ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ፤ በአንዱ ብልቃጥ ሰብራ ስላለቀሰች ሁለት ቀንሼ አንዱን መልሼላታለሁ።

ካለፈው ዓመት የውጤት ማስጠንቀቂያ ነበረባት። በጽሑፍ ፈተናው ከሃምሳ ሃያ አንድ አመጣች፤ የደብተሬ ነጥብ ቢደመርላት በሰላም ታልፍ ነበር። በእርስዎ ስሌት ግን ከመቶ አርባ ሁለት ሆነባትና ተባረረች። በእጇ የሰጧት ደብዳቤ ምክንያቱን ሲገልጽ፣ የተግባር ውጤቷ ያልተካተተው በሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ነው ይላል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ማኅተም፣ ለእኛ ሠራተኞች አይደላችሁም፣ ለእርሷ ደግሞ ሠራተኞቹ ናቸው ያስባረሩሽ ብለዋል። ሁለቱንም የፈረሙት በአንድ ብዕር ከሆነ ብዕሩ ሊታዘዝዎ መቻሉ ያስደንቃል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አራተኛው ግን በእርስዎ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ አይደለም። እህቷ መርፌ የወጋው ጣቷን በጨርቅ እንደጠቀለለች ከስፌት ቤቷ ተነስታ መጥታ፣ ልጅቷ ስንት ነው ያመጣችው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ነጥቡ የት ነው ያለው አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ቦርሳዬን አየት አድርጋ፣ “እና ምነው አውጥተህ ብትሰጣቸው?” አለችኝ። ስለ ዓይን፣ ስለ ጭስ መሳቢያ፣ ስለ ስብሰባው ውሳኔ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ዛሬም እቆምለታለሁ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከቦርሳዬ ላይ አላነሳችም። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም።

በማግስቱ ለጓዶቼ የእሷን ገጽ አስረክባለሁ ብዬ ነገርኳቸው። ሁለቱ ተቆጡኝ፣ መቆጣታቸውም አግባብ ነበር፤ ዓይኑ የተጎዳው ባልደረባችን ግን ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ነጥቧን አነበበና፣ ሂድ ስጥላት አለኝ። ይዤ ወደ ሬጅስትራር ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል የነጥብ ማስረከቢያ ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል የሚል መልስ በትህትና ተሰጠኝ። ለትህትናውም አመሰግናለሁ፤ ባለፉት ሳምንታት ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ተማሪ ነህ ብለው ያባርሩኝ፣ ሠራተኛ ነህ ብለው ይቅጡኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቢያደርጉትም አልደነቅም። ጓደኞቼ መሳቢያው እስኪጠገን አይመለሱም፣ እኔም ከእነሱ አልለይም። የማዕዘኗን ልጅ ግን በመካከላችን አያስቀሯት። የነጥቧን ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ በእርሳስ ስለተጻፈ በጥንቃቄ ቢይዙልኝ እለምናለሁ።

ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ለማኅተምዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ማንነቱ በእርስዎ ደብዳቤ የሚወሰነው፣

የምድር ቤቱ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ረዳት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የማዕዘኗ ልጅ ክሊራንስ ይዛ መጣች። የቤተ ሙከራ ዕቃ እንደሌለባት ረዳቱ ካልፈረመላት የትምህርት ማስረጃዋ አይመለስላትም፤ ማስረጃው ካልተመለሰላት ደግሞ ሌላ ቦታ ማመልከት አትችልም። አልፈርምም ብላት እንደማስቀራት፣ ብፈርም እንደማሰናብታት ገብቶኝ ወረቀቱን አገላበጥኩት። “ጋሼ፣ በናትህ ፈርምልኝ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ነው” አለችኝ። ፈረምኩላት። በስድስት ሳምንት ውስጥ የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ሬጅስትራሩም ፊርማዬን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀብሎ አሰናብቷታል።