የመጋዘኑ ዘበኛ

ሸነን፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

አባባ ነገ ይቀበራሉ። አስተማሪ ነህ ተብዬ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀድሞ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ያየዋል።

ሰባት ልጆች ማሳደጋቸውን ጻፍኩ። የእድር ዳኛ ሆነው የስንቱን ለቅሶ ድንኳን እንዳስተከሉም ጻፍኩ። የጸሎት ቤት ሽማግሌነታቸው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ የቀበሌው እህል መጋዘን ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ስለ እሱ ማንበብ አይቻልም።

በተዘጋ በወሩ አባባ ቀበሌ ሄደው ያለ ደመወዝ የመጋዘኑ ዘበኛ ልሁን አሉ። እስኪታመሙ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርገውታል። እሁድ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ደጁ ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ለዘጉት ሰዎች አደሩ ብዬ አፍሬባቸው ነበር።

እማዬን ምን ልጻፍ አልኳት። በኦሮምኛ መለሰችልኝ፤ "ዘበኛ ነበሩ ብለህ ጻፍ። የማንን ቤት ይጠብቁ እንደነበር ሰዉ ያውቃል።"

ጻፍኩት። ሊቀመንበሩ ከሰዓት በኋላ አነበበው። "አባትህ ኦቦ ዲንሳ ጥሩ ሰው ነበሩ" አለና ከ"ዘበኛ" ፊት "ታማኝ" የሚል በእጁ ጨምሮ ማኅተም መታበት።

አልሰረዝኩትም።