የአሥራ ሰባተኛው ማጣቀሻ ምንጭ

ጥቅምት 4
የነቀዝ ጥናት ጽሑፋችን ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ። ጆርናሉ ስለ ነቀዝ አንድም ነገር አላለም። ዓመተ ምሕረቱ ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ በቅንፍ ይግባ፣ ከገጽ ቁጥሩ በኋላ ነጥብ ይደረግ... ባለፈው የላክንለት ጆርናል ዓመተ ምሕረቱን መጨረሻ ላይ ነበር የሚፈልገው። ማጣቀሻው ሃምሳ ስምንት ነው። ቀኑን ሙሉ ዓመተ ምሕረት ከቦታ ቦታ ሳጓጉዝ ዋልኩ።

እማዬ ደወለች።

«ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«የሰው ስምና ዓመተ ምሕረት አስተካከልኩ።»

«ስህተት ነበረው?»

«የለውም። ቦታው ነው።»

«እና ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

ይከፍሉኛል። እስከ ኅዳር 30። አለቃዬ፣ ዶክተር፣ ቁርጡን ነግረውኛል፤ ጽሑፉ በጊዜው ከገባ ኮንትራቴ ይታደሳል። ካልገባ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን እንለያያለን።

ጥቅምት 5
ነጠላ ሰረዝ። ነጥብ። ነጠላ ሰረዝ። ዐይኔ ጠፋ።

ጥቅምት 7
ታላቅ ወንድሜ ለምሳ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ «መጋዘኑ ሠላሳ ስድስት ቀን ባዶውን ከቆየ ነቀዙ በረሃብ ያልቃል» ይላል። እሱም ጠብቆ አዲስ እህል አስገባ። እህሉ ወር ሳይሞላው ነቀዘ። አለቆቹ ቀኑ ሳይሞላ ከፍተሃል ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡት። አንድ ጊዜ ከተደገመ ይባረራል።

«ቆጥሬያለሁ! በየቀኑ በጠመኔ እያሰመርኩ!»

«በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው እኮ። አንድ ሁለት ቀን ዘለህ ይሆናል።»

 ሳህኑን አነሳና ሄዶ አጠበ። ለምን እንዲያ አልኩት?... ስለማውቅ ነዋ። ይሄ ቁጥር እኛ ጽሑፍ ውስጥም አለ።

ጥቅምት 9
ማጣቀሻ ቁጥር አሥራ ሰባት። ነቀዝ ምግብ ካጣ ከሠላሳ ስድስት ቀን በላይ በሕይወት አይቆይም። የጆርናሉ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሌላ ሰው የጠቀሰውን አትጥቀሱ፣ መጀመሪያ የለካውን ጥቀሱ። እሺ። አሥራ ሰባትን ከፈትኩ፤ ሌላ ጽሑፍ ይጠቅሳል። ያንን ከፈትኩ፤ እሱም ሌላ ይጠቅሳል። ከመስኮት መስኮት እንደሚያመላልሱት ባለጉዳይ ሆንኩ። የለካው ሰው የታለ?

ጥቅምት 11
ተገኘ! የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የወጣ ጽሑፍ። ጸሐፊው... ዶክተር ራሳቸው። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠቅሷቸዋል። ሄጄ እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስነሳ ገጹን አነበብኩት። ከቁጥሩ አጠገብ በቅንፍ፣ «የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ በቃል እንደነገሩኝ።»

በቃል!

ዶክተርን ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቴክኒሻኑ ጡረታ ወጥተዋል። ዝንፍ የማይሉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ጻፊና እለፊው።»

«መዝገብ ይኖራቸው ይሆን?»

«እንዴታ! ሂጂ ጠይቂያቸው።»

ጥቅምት 15
ቴክኒሻኑ የሚኖሩት ሴት ልጃቸው ቤት ነው። በረንዳ ላይ የብስክሌት ጎማ ሲለጥፉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ የነቀዙን ሠላሳ ስድስት ቀን እንዴት ነበር የለኩት?»

«አልረሳውም። አንድ ብልቃጥ፣ መቶ ነቀዝ፣ እህል የለም። በየጠዋቱ እቆጥር ነበር።»

«እና በሠላሳ ስድስተኛው ቀን አለቁ?»

«ኧረ! በሠላሳ ስድስተኛው ቀን የዓመት ዕረፍት ወጣሁ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ስወጣ አለቃሽ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ስንት ቀን ሆናቸው አለኝ፣ ሠላሳ ስድስት አልኩት። እሱም ቸኩሏል፣ እኔም አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው።»

«በሕይወት የቀሩ ነበሩ?»

«ግማሽ ያህሉ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ስመለስ የጽዳት ሠራተኞቹ ብልቃጡን አጥበው ጠበቁኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ቁጥሩ የሆነ ቦታ ገባ እንዴ?»



«ትንሽ» አልኩ።

መንገድ ላይ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳህን ሲያጥብ። አፈርኩ። ልደውልለት ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ምን ብዬ?

ጥቅምት 16
ለዶክተር ነገርኳቸው።

«የዓመት ዕረፍት?» ሳቁ። ብቻቸውን መሳቃቸውን ሲያዩ አቆሙ። «ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ነጥብና ሰረዝ አስተካክዪ ብልሽ...»

ትንሽ ተንጎራደዱ።

«በይ፣ ከጠቀሱኝ መሀል ደህና ጆርናል ላይ የወጣ አንዱን አስገቢ። የእኔም የእሳቸውም ስም አይነሳም። የማስገቢያው ቀን ኅዳር 10 ነው። ኮንትራትሽንም አስቢ።»

እሱንማ አስቤዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ጥቅምት 17
እንዳሉት አደረግሁ። ሃምሳ ስምንቱም ነጥባቸው ከነቦታው። እንዲህ ያማረ ዝርዝር ሠርቼ አላውቅም።

አልላክሁትም።

ጥቅምት 19
ገብቼ ተናገርኩ። 

«ወንድሜ የእርስዎን ቁጥር አምኖ መጋዘን ዘጋ። ልክ ቆጥሮ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። እኔ እህቱ እንኳ አላመንኩትም። አሥራ ሰባትን አልልክም ዶክተር። ሌላ ሰው ይላከው።»

«ውጪ» አሉኝ።

ወጣሁ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንድ ኩባያና ሁለት እስክሪብቶ፣ ቶሎ አለቀ። ፈርቻለሁ። የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አለ።

ከምሳ በኋላ ከላብራቶሪው የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ዶክተር ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ብልቃጥ ያጥባሉ። ዞር ሳይሉ፣

«ስንት እናስገባ?» አሉ።

«መቶ።»

«መቶ ይሁን።»

ጥቅምት 20
መቶ ነቀዝ ገባ። እህል የለም። ብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ «እባካችሁ እንዳታጥቡት።»

ኅዳር 10
የማስገቢያው ቀን አለፈ። ጽሑፉ አልገባም። ስለ ኮንትራቴ እኔም አላነሳሁ፣ እሳቸውም አላነሱ። ሰማንያ ሁለቱ በሕይወት አሉ።

ኅዳር 27
ሠላሳ ሰባተኛ ቀን። ዶክተር ራሳቸው ቆጠሩ። ሦስት ጊዜ። ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ ሦስት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው» አሉ።

«አዎ።»

ከሰዓት ለአሮጌው ጽሑፋቸው የእርምት ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ገጽ አይሞላም። ከዚያ «ወንድምሽ ጋ ደውዪልኝ» አሉ። ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እርስዎ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለአለቆችዎም ይህንኑ እጽፋለሁ።»

 እኔም ገባሁበት።

«ይቅር በለኝ። ቆጥረህ ነበር።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ።   «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ታዲያ... ስንት ቀን ነው የምጠብቀው?»

ዶክተር ብልቃጡን አዩት። እኔም አየሁት።

«ገና አልታወቀም» አሉ።

ኮንትራቴ ከሦስት ቀን በኋላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቆጥር አልጠየቅኳቸውም። እኔ ነኝ የምቆጥረው።