የአይቀመጤ ስፖኪዮ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አባታችን በ1946 ዓ.ም. ከመኪና መናኸሪያ ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከነርስ እናታቸው ተወለዱ። መራመድ እንደ ጀመሩ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መናኸሪያው ውስጥ ተገኙ፤ እናታቸው ያን ቀን ያወጡላቸው «አይቀመጤ» የሚል ስምም እስከ ዛሬ አብሯቸው ኖሯል።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ልባቸው ግን ከደብተሩ ይልቅ መሪው ላይ ነበርና በ1967 ዓ.ም. የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጡ። በ1970 ዓ.ም. ከውድ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። አፈሩ ይባል እንጂ ያሳደጉን እናታችን ናቸው፤ አባታችን ሞተር ሳያጠፉ ስመውን የሚሄዱ ሰው ነበሩ።

ወደብ ላይ በገዟት ካሜራ የደረሱበትን ሁሉ ፎቶ ያነሱ ነበር። አልበሞቻቸው ድልድይ፣ ገደልና መርከብ ብቻ ናቸው፤ ከቤታችን አንድ ማንኪያ እንኳ የለባቸውም። እናታችን የአልበሞቹን አቧራ ይጠርጋሉ እንጂ ገልጠው አያዩም። የመኪናው ጋቢና ውስጥም አንድ ቀን ተቀምጠው አያውቁም። አባታችን ሚስታቸውን የሚያዩት በስፖኪዮ ነበር፤ እናታችን በር ላይ ቆመው፣ መኪናው በራቀ ቁጥር ትንሽ እየሆኑ።

በ2008 ዓ.ም. ልባቸውን ታመው ሐኪም መንዳት ከለከላቸው። መኪናቸው ሲሸጥ አንዱን ስፖኪዮ ፈትተው አስቀሩና የግቢው ግድግዳ ላይ በሚስማር መቱት፤ ከኋላቸው ያለውን ሳያዩ መቀመጥ አይሆንላቸውማ። መቀመጥ ከተባለ። ቁልፍ ያንቀጫቅጫሉ፣ በር ከፍተው ይዘጋሉ፣ አልጋ ከቦታው ያነሳሉ። እናታችንም «እኚህ ሰውዬ ቤቱን አስነስተው ሳይነዱት አይቀሩም» ይሉ ነበር።

ይባስ ብለው ለማንም ሳይናገሩ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ለአንድ ጉዞ ተቀጣጠሩ። በቀጠሮው ጠዋት ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ የመጨረሻ ልጃቸው የሰጠቻቸውን ስልክ እያገላበጡ ስፖኪዮው ፊት ተቀመጡ። እናታችን ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ሻንጣውን አዩት። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከባላቸው ኋላ እንደ ወትሮው ቆሙ። አባታችን በስፖኪዮው አዩአቸው። አቋቋማቸው ያው ነው፤ ዛሬ ግን ትንሽ እየሆኑ አልሄዱም። ውጭ የባልደረባቸው መኪና ክላክስ አሰማ፤ ደገመ። አባታችን ስልኩን ወደ ስፖኪዮው አዙረው ፎቶ አነሱ፤ ከመቀመጫቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ጥድፊያቸው ግቢ ውስጥ ገባ። ገመድ ላይ የሚንጠባጠብ አንሶላ፣ ሳፋ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ የጠዋት ፀሐይ፣ የጎረቤታችን መካኒክ ግራሶ የጠጣ እጅ ከስልካቸው ካሜራ አላመለጠም። ብርሃኑ እንዳይሄድባቸው በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። «ሽንኩርቱን እንዲሁ ያዢው፣ እንዳትቆርጪ» እያሉ ስንት ድስት አሳረሩ። አንድ ቀን እናታችን ስፖኪዮው ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ፣ ቢላዋውን አስቀመጡና «ይሄን ሁሉ ዓመት እኮ እዚሁ ነበርኩ» አሉ። አባታችን አለቀሱ። እናታችን በሽንኩርቱ አሳበቡላቸውና ሁለቱም ሳቁ።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ የዚያን ቀን ነው። ዘመዶች «የሟች ፎቶ የታል?» ብለው ከራቫት ያሰሩበትን የመታወቂያ ፎቶ ቢያመጡም እናታችን እምቢ አሉ። ዐይናቸውን እየጠረጉ የሚስቁት እናታችን ናቸው፤ ከትከሻቸው በላይ፣ ስፖኪዮው ውስጥ፣ ስልክ ይዘው ትንሽ ሆነው የሚታዩት ደግሞ አባታችን ናቸው።

ሕመማቸው ጠንቶ ሆስፒታል ሲተኙም «መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ ሐኪሞቹን አስቸገሩ። ያን ጊዜ የሚቸኩሉት ወደ ቤት ነበር። ቤታቸውም ገብተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው፣ አልጋቸው ወደ ግቢው ዞሮላቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ስድስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ለአይቀመጤ ፈጣሪ የሚያርፉበትን የሰላም መቀመጫ ያዘጋጅላቸው፤ ቤተሰባቸውንም ያጽናልን። እናታችን ዛሬ በር ላይ ቆመው አይሸኙም። አባታችንን በሚወስደው መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ቀስ ብሎ እንዲነዳም አደራ ብለውታል።