ሠላሳ ሰባት ለሁለት

ሰኔ 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ቁጥሩ እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ክታብ ሆኖ እየተሸጠ ነው።

ያው ባለፈው ሐሙስ በጋዜጣችን ያወጣሁት። 3816547290። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አኃዞች እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ። የፊተኞቹ ሁለት ለሁለት ይካፈላሉ፣ ሦስቱ ለሦስት፣ አራቱ ለአራት፣ እንዲህ እያለ እስከ አስር፣ ያለ ትራፊ። አስሩን አኃዝ እንደፈለግሽ አዟዙሪ፣ ደብተሬ፣ ሌላ እንዲህ ያለ አታገኚም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ወሬ ጠፍቶ ገጹን በሱ ሞላሁት።

ሰይፉ የሚባል ደላላ ጋዜጣውን እየቆረጠ በፕላስቲክ ያሽጋል። እስከ ሊቢያ አስር ኬላ አለ፣ ይህ ቁጥር አስሩንም ያልፋል፣ ጋዜጣው መስክሯል ይላል። አስጠላኝ።

ያው ዕለት፣ 11፡00

ሀብታሙም ገዝቷል። ግቢያችን የተከራየ የቀን ሠራተኛ፣ ዐማራት ሰፈር ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። ወደ ሊቢያ የሚወስደኝ መኪና አርብ ከጁምዓ በኋላ ይነሳል፣ ኢንሻላህ አለኝ። ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

አነበብኩት። 3716548290።

ሰባትና ስምንት ቦታ ተለዋውጠዋል። በእጅ ስጽፍ ዐረቦቹ በሚጽፉት አኃዝ ነው፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ እጄ ለምዶታል። ሰባት አፉን ወደ ላይ ይከፍታል፣ ስምንት ወደ ታች። ታይፒስቷ አምታታችው። ከመታተሙ በፊት አይቼ የፈረምኩት እኔ።

ሠላሳ ሰባት ለሁለት። የሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ይተርፋል ይላል። ዴም አራት ቀን በኪሱ ይዞት ዞረ፣ ያካፈለው አንድ ሰው የለም። ሰይፉም የሚሸጠውን አላየውም። ትፍ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡00

ሀብታሙን ሥራ ሳይሄድ ያዝኩት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አካፈልኩለት። መስመር በመስመር ተከታተለ፤ ሞኝ አይደለም። አንድ መትረፉን አየ። ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኸኛውም የእርስዎ ነው፣ ያኛውም የእርስዎ። ያኛው ግን ታትሟል።»

ትክክለኛውም ቢሆን ሒሳብ ነው እንጂ ኬላ አይከፍትም አልኩት። እሱንም ያትሙልኝና አነበዋለሁ አለ። ያላ ብሎ ወጣ።

ያው ዕለት፣ 9፡00

ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ቢሮ። እርማት ጻፍኩ፣ ስድስት መስመር። ቁጥሩ ተሳስቶ ታትሟል። ትክክለኛውም ማንንም አይጠብቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።

የጋዜጣው ባለቤት ወ/ሮ አስቴር ሁለቴ አነበቡት። ያለፈው እትም ተሸጦ አንድ እንኳ አልተረፈም አሉ። እርማት ብናወጣ መሳቂያ እንሆናለን አሉ። ከዚያ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ቁጥር የለህም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አፈርኩ። በሳቸው ብቻ አይደለም፤ ፈርሜ ለኅትመት ያሳለፍኩት የሐሙሱ ገጽ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እርማቱ ካልወጣ ስሜ ከጋዜጣው ይውጣ አልኩ። ላስብበት አሉ። ገጹ ነገ 10 ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ይነግሩኛል። ጋዜጣው ሐሙስ ይወጣል። መኪናው አርብ ይነሳል።