የሶሲ ጥርስና የፈቃዱ «ተረጋግጧል»

ጂቱ እህቴ፣ አከም ጂርታ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን፤ አዳማም አቧራዋን እያነሳች አለች።

ልጅሽ ሶሲ ምላሷ ስል ሆኗል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ፈቃዱ የበለዘ ጥርሷን አይቶ፣ «የስምጥ ሸለቆ ማኅተም ተመታብሽ!» አላት። «የእርስዎ እኮ ፊርማም አለው፣ ጋሼ ፈቃዱ!» ብትለው መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ሰውዬው ግን አላረፈም። «ጥርሷን ያበላሸው የሚጥል በሽታ ክኒኗ ነው፤ በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ እሷው ፊት ለፈፈ። ጥናቱን አምጣ ብዬ አነበብኩት። ክኒኗ ፌኖባርቢታል፣ በውሃችን ያለው ፍሎራይድ በጥርስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያባብስ ይሆን ወይ ብሎ በአይጦች ላይ የሞከረ ነው። «ይሆን ወይ» እና «ተረጋግጧል» አንድ ናቸው? ሰው ዲግሪ ይዞ የጥያቄ ምልክት አያይም? ይህንኑ ነገርኩት፤ ጮኼ።

ሶሲ ክኒኗን ራሷ ትወስድ ነበር። የፈቃዱን ወሬ ከሰማች ወዲህ ግን በእጄ እሰጣታለሁ፤ ውጣ እስክትጨርስም ከአጠገቧ አልነሳም። «ጋሼ፣ ፖሊስ ሆኑ እንዴ?» ብላ ምላሷን አውጥታ ታሳየኛለች፤ እንሳሳቃለን። ብስክሌቷን ለጊዜው ቆልፌባታለሁ፤ ጎማው አርጅቷል። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለችና ስትደውዪ ስለ ጥርሷ አትጠይቂያት፤ ቆንጆ ነሽ በያት።

ማክሰኞ ሐኪሟ ጋ አብረን እንሄዳለን። አንቺ ለመምጣት አትቸኩዪ፤ ብዙም አትዘግዪ።

ጌታ በያለሽበት ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ኢተፋ