ለአባባ ዳሌ የሚሆን ጎሚኒ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ከት/ቤት ቀጥታ ጋራዥ። የጠመኔ ብናኝ ገና እጄ ላይ ነው። ጋሽ ጳውሎስ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ከሥሯ ተኝተዋል። የአባባ ላንድሮቨር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ራሱ ነበር የሚነዳት።

የኋላ ባሌስትራዋ ጎሚኒዎች በሙሉ አልቀዋል አሉኝ። አንዱን አውጥተው አሳዩኝ። በብረቱ መሐል የነበረው ላስቲክ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል። በየጉድጓዱ ብረት ከብረት የሚጋጨው ለካ ለዚህ ነው።

አባባ ዳሌው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ እዚህ ሶዶ፣ እኔ ቤት ነው። ሐኪሙ አሁን ወደ ቤቱ፣ ሃላሌ፣ መመለስ ይችላል ብሏል። ግን ተጋድሞ፣ ሳይንገጫገጭ። ሚኒባስ አያስተኛም። እሱ ደግሞ በራሴ መኪና ካልሆነ አልሄድም አለ። እማማ እዚያ ብቻዋን ናት። ለሚቀጥለው ረቡዕ ቆርጠናል። ማስታወሻዬ፣ ጭንቅ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

መለዋወጫ ሱቅ። አቶ ከድር ሁለት ዓይነት አቀረቡልኝ። አንዱ ላስቲክ፣ እንደ ፋብሪካው። ለስላሳ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ሌላው ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቀረጸ። ዕድሜ አለው፣ መንገዱን ግን አይውጥም። ዐዋቂ መስዬ ሁለቱንም በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ምንም አልገባኝም።

ለወንድሜ ለተስፋዬ ደወልኩ። ከእንግዲህ መኪናዋን የሚይዛት እሱ ነው፣ ዝንጅብል ሊጭንባት። ጮኸ። ጠንካራውን ግዢ፣ ጎሚኒ ስቀይር ልኖር ነው ወይ አለ። አባባስ አልኩት። አንድ ቀን ነው፣ ይችለዋል አለ። ስልኩን ዘጋሁበት።

አቶ ከድር ሁሉንም ሰምተዋል። ሁለቱንም በአንድ ፌስታል ጨመሩልኝ።

«ውሰጂ እህቴ፣ ገጥማችሁ ሞክሩ። ያልተስማማችሁን መልሺልኝ። ቢጫርም ግድ የለም።»

በሩ ላይ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ደግነት አልጠበቅኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ተስፋዬ ራሱ ጋራዥ መጥቶ ተሟገተ፣ አሸነፈ። ጠንካራው ተገጠመ። ለሙከራ ወደ ሻንቶ ወጣን። ከኋላ ፍራሽ ዘረጋን፣ አባባ የሚተኛበትን። ማን ይተኛበት? ተስፋዬ እየሳቀ ወጣ። እንደ ንጉሥ ሊሄድ! እኔ ነዳሁ።

አስፋልቱ ላይ ደህና ነው፣ ትንሽ ያንጎራጉራል እንጂ። ወደ ኮረኮንቹ ታጠፍኩ። ሳቁ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያውን ይደበድባል።

«አቁሚ! እባክሽ አቁሚ!»

ወገቡን ይዞ ወረደ። ባጃጆች አቧራ እያለበሱን ያልፋሉ። ልስቅበት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እኔ ደህናው ሰውዬ እንዲህ ከሆንኩ፣ አባባ...» ዞሮ ፍራሹን አየ። «ይውጣ። ላስቲኩ ይግባ። ሲያልቅ እኔ እቀይረዋለሁ።»

ስንመለስ ጋቢና፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ይቅርታ አልተባባልንም። ጥብስ በዳጣ ጋበዘኝ፣ በቃ። ወንድም ስለሰጠኸኝ ተመስገን።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጋሽ ጳውሎስ የገጠሙትን መልሰው ሊፈቱ! ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ተቆጡም። ከዚያ ለአባትሽ ነው ብለው ከሥሯ ገቡ። አዲሱን ሲያስገቡ ቡሎኖቹን ወዲያው አላጠበቁም። መጀመሪያ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ትቁም፣ አለዚያ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ቀርቶ ይቀደዳል አሉኝ።

ጠንካራዎቹን ጠርጌ ለአቶ ከድር መለስኩ። አንዱ ተጭሯል። አገላብጠው አዩና መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። አባትሽን አላህ ያሽርልሽ አሉኝ። አሜን አልኩ፣ ከልቤ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11፣ ሃላሌ

ደርሰናል። ጌታ ይመስገን!

ተስፋዬ ከኋላ፣ የአባባን ትከሻ ይዞ። እኔ በቀስታ።  በየጉድጓዱ የአባባን ጩኸት እጠብቃለሁ። የለም። መኪናዋ ጎንበስ ቀና ትላለች እንጂ አትመታም። አባባ አንዴ ብቻ ተናገረ፤ ማርሽ ቀይሪ አለኝ። ሹፌር ተኝቶም ሹፌር ነው።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ደንግጬ በመስታወት አየሁ። ተስፋዬ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል።

እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ቤት ስንት ሌሊት ሲቃትት ያነጋ ሰው!

ግቢው ስንገባ እማማ እልል ልትል ነበር። በመስኮት እጄን አወናጨፍኩ፣ ዋጠችው። ጎረቤቱ፣ የቤ/ክ ሰዎች፣ ሁሉም በሹክሹክታ ከበቡን። የቀሰቀሰው የለም። በሮቹ ተከፍተው፣ በራሱ ግቢ፣ በራሱ መኪና ተኝቷል። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሲነቃ ጣሪያውን አየ። እኛን አየ። በቋንቋችን «ጋላታይስ» አለ፣ አመሰግናለሁ። ለእኛ ይሁን ለጌታ አልጠየቅነውም። ሁላችንም አሜን አልን።

ለርዕሰ መምህሩ ደውያለሁ። እስከ ሰኞ እዚሁ ነኝ። አሁን ከውጭ ይጠሩኛል። አባባ በክራንቹ ቆሞ አዲሱን ጎሚኒ ካላየሁ እያለ ነው። ጎንበስ ሊል ነው! መጣሁ፣ ያዙት እንጂ!