ከኢሊንካ ኪስ የወጣው ብልቃጥ

ዳኑብ ዳር፣ ኖቬምበር 14

ሆሪያ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እናትህ ተርፋለች። መጀመሪያ እሱን ስማና ተረጋጋ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያረጋጋህም።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ለክረምት በጨው የምትዘፈዝፈውን ጎመን ልትቆርጥ ጓሮ ወጥታ ወደቀች፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሆስፒታላችን ነርስ ስላነሰው ቀዶ ጥገናው ላይ እኔው ገባሁ። መሀል ላይ ደሟ ፈሰሰ፣ ግፊቷ ወረደ። ማደንዘዣ ሐኪሙ ዶክተር ፔትሩ «ግፊት ማንሻውን ድገሚ!» ብሎ ጮኸ። መሳቢያውን ሳብኩት። ባዶ! የነበረውን አንድ ብልቃጥ ቀድመን ሰጥተናታል።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ሳለህ የቀዶ ጥገና ክፍሎቹን መድኃኒት ጠራርገህ ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ የቆለፍክበት አንተ ነህ። «ብክነት ቀነሰ» ተብሎ ተጨበጨበልህ፤ ቡካሬስት ተሾምክ፤ እኔንም እናትህንም ጥለህ ሄድክ።

ምድር ቤት ደወልኩ።

«የኃላፊው ፊርማ አለ?» አለኝ የመጋዘኑ ሰው።

«ሰው እየሞተብኝ ነው እኮ!»

«እህቴ፣ መመሪያ ነው። እኔ ላይ አትጩሂብኝ።»

መመሪያው ያንተ ነው፣ ሆሪያ። ቃል በቃል።

ያኔ አብራን የነበረችው ነርስ ኢሊንካ ከሱሪ ኪሷ ሁለት ብልቃጥ አወጣች። «አትዩኝ፤ ውሰዱ» አለች። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አውቃ ደብቃ ትይዝ ነበር። እናትህ በዚያ ተረፈች።

በማግስቱ ኢሊንካን ከሥራ አገዷት። «መድኃኒት ደብቃ ተገኘች» ነው የሚሉት። ባንተ መመሪያ ሌባ ናት! ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት! የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ስልክ እንዳትደውል፤ ራስህ ና። ፊታቸው ቁምና «እናቴን ያዳነቻት እሷ ናት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በል። ካልመጣህ እኔ እናገራለሁ፤ ስምህን ከነአባትህ ጠርቼ።

እናትህ እኔ ጋ ናት። አልጋችን ላይ አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል ነው ያስተኛኋት። ትናንት ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። ሾርባዋን እያጠጣኋት፣ «ልጄ ያደራጀው ሆስፒታል እኮ ነው! እሱ ባይኖር ዛሬ አፈር ነበርኩ» አለቻቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ፣ እማማ» አልኳት።

ለእሷ ስል ነው። ላንተ እንዳይመስልህ።

መንገዱ በረዶ ይዟል፤ ቀስ ብለህ ንዳ። እግዜር በደህና ያግባህ።

ስማራንዳ